ስለ ቃር ለልጄ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አያትሽም ከዘጌ በጀልባ ተሻግረው ባሕር ዳር እኔ ዘንድ ሰንብተዋል።

ሕፃኑ ጠብቶ ሲጨርስ እንደሚያቀረሽ፣ ጎረቤትሽም የጨጓራ ሽሮፕ ስጪው እንዳለችሽ በስልክ ስትነግሪኝ አልተዋጠልኝም። እባክሽ ሐኪም ሳያዝ አትስጪው። የምግብ ቧንቧና ጨጓራ የሚገናኙበት ቦታ ላይ የሚከፈትና የሚዘጋ ጡንቻ አለ። የሕፃን ጡንቻ ገና አልጠናም። ምግቡ ፈሳሽ ነው፣ ውሎውም ተጋድሞ ነው። ስለዚህ ያቀረሻል። እየሳቀ፣ እየጠባ፣ ክብደት እየጨመረ ከሆነ ሕመም አይደለም። አብዛኞቹ ዓመት ሲሞላቸው ይተዋቸዋል።

ትንሽ ትንሽ እያደረግሽ ቶሎ ቶሎ አጥቢው። ሲጨርስ ትከሻሽ ላይ አስደግፈሽ እስኪያገሳ ጀርባውን መታ መታ አድርጊው፤ ከዚያም ግማሽ ሰዓት ያህል ቀጥ አድርገሽ ያዥው። ሲተኛ በጀርባው፣ ያለ ትራስ። የአብሽ ውሃ፣ ቅቤ የሚሉሽን አትስሚ፤ እስከ 6 ወር ጡት ብቻ ይበቃዋል። ትውከቱ አረንጓዴ ከሆነ፣ ደም ካለበት፣ እየተስፈነጠረ ከወጣ ወይም ክብደቱ ካልጨመረ ግን የዚያኑ ቀን ሐኪም ይየው።

አሁን ወዳንቺ። እርጉዝ ሳለሽ ያቃጠለሽ ሆርሞኑ ያንን ጡንቻ ስላላላው፣ ማሕፀንሽም ጨጓራሽን ወደ ላይ ስለገፋው ነው። ብዙ ሴቶች ሲወልዱ ይለቃቸዋል። አንቺን ግን አለቀቀሽም። እኛ አገር ደረቱን ያቃጠለው ሁሉ "ጨጓራ ነው" ይባልና የጨጓራ ባክቴሪያ መድኃኒት ይጀምራል። ባክቴሪያው አንድ ነገር ነው፣ የጨጓራ አሲድ ወደ ምግብ ቧንቧ ሲመለስ የሚመጣው ቃር ደግሞ ሌላ። ሐኪም ብዙውን ጊዜ ጠይቆሽ ብቻ ይለየዋል። እንደምታጠቢ ንገሪው። የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞልን ካዘዘልሽ ከቁርስ ግማሽ ሰዓት በፊት ነው የሚዋጠው፤ በልቶ መዋጥ ጉልበቱን ይቀንሰዋል። እራትሽንም ከመተኛትሽ 3 ሰዓት በፊት ጨርሺ። የላክሁልሽን የዘጌ ቡና ማታ ማታ አታፍይው።

የአያትሽ ነገር ነው ያሳሰበኝ። ደረታቸውን ሲያማቸው "ቃር ነው፣ ተልባ በጥብጪልኝ" አሉ። ይዣቸው ሄድኩ። ሐኪሙ መጀመሪያ ያየው ልባቸውን ነው፤ በዚህ ዕድሜ የልብ ሕመም እንደ ቃር ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ልባቸው ደህና ሆነ። ሽማግሌ ላይ ቃጠሎው ቀለል ቢልም ቧንቧው በጣም ተጎድቶ ሊገኝ ይችላል፤ ሌሊት እያሳለ ወይም ድምፅ እየሻከረ ብቻ ይታያል። ስለዚህ ምግብ ሲውጡ የሚቀረቅር፣ ሳያስቡት የሚያከሳ፣ ደም የሚያስመልስ ወይም ሰገራ የሚያጠቁር ከሆነ ኢንዶስኮፒ፣ ማለትም ቧንቧውንና ጨጓራውን በቀጭን ካሜራ ማየት፣ ግድ ነው። ይህ ላንቺም ይሠራል።

ለጉልበታቸው የሚውጡት ዲክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ ጨጓራቸውን እየላጠው ስለነበር ሐኪሙ አስተዋቸው። በአልጋቸው ራስጌ እግሮች ሥር ጡብ አስገብተን ከፍ አደረግነው። ትራስ መደራረብ ሆድን ያጥፋል እንጂ አይረዳም። በአዋዜ የሚወዱትን የዓሣ ጥብስም በምሳ ሰዓት አደረግነው፤ ማታ የዓሣ ሾርባ ነው። ከዚያ ወዲህ ሌሊቱን ሳያስላቸው ያድራሉ።

ለክትባት ጤና ጣቢያ ስትወስጂው ክብደቱን አስመዝኚና ደውዪልኝ። የራስሽንም ቀጠሮ በዚያው አስይዢ።

እናትሽ