ጨጓራ ነው አትበለኝ

ጅማ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ሚስትህና ልጅህስ? እኛ ከእናትህ ጉልበትና ከእኔ ግፊት በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የቡና ለቀማው ደርሶ ከአጋሮ መስመር የሚገባው አይሱዙ መርካቶን አጨናንቆታል። ጓሮ ያለችው አቡካዶ ዘንድሮ ቅርንጫፏ እስኪጎብጥ አፍርታለች፤ በሊታ ጠፍቶ ለጎረቤት እናድላለን።

ይህን ሁሉ የምዘባርቀው ዋናው ነገር ላይ መድረስ ስለፈራሁ ነው።

ሰኞ ማታ ደውዬ "ደረትህን ምን ሆንክ?" ስልህ ስቀህ፣ "አባዬ፣ ጨጓራ ናት፤ ደግሞ ማን ነገረህ?" አልከኝና ስለ ናፍጣ ወረፋ ማውራት ጀመርክ። ማን እንደነገረኝ አትጠይቅ። ረዳትህንም እንዳትቆጣው። አፍዴራ ላይ ጨው ጭነህ ሸራ ስትወጥር ገመዱን ለቀህ፣ ደረትህን በመዳፍህ ይዘህ ተሳቢው ጎማ ሥር ቁጭ ማለትህን ሰምቻለሁ። ፊትህ አመድ መስሎ ነበር አሉ። ላቡም የበረሃ ላብ አልነበረም፤ ቀዝቃዛ ነበር። ትንሽ አረፍ ስትል ለቀቀህ። ተነሣህ፣ ሸራህን አሰርክ፣ ሲጋራ ለኮስክ፣ መኪናህን አስነሣህ። ሁለተኛ ጊዜህ መሆኑንም ሰምቻለሁ።

ማሙሽ፣ ጨጓራ ነው አትበለኝ። ሌላ የፈለግኸውን በለኝ።

ማክሰኞ የግፊት ክትትሌ ቀን ነበር። መድኃኒቴን ጽፎልኝ ሲጨርስ ሐኪሙን፣ "ልጄ ሹፌር ነው፤ ገመድ ሲጎትት ደረቱን ይይዘዋል፣ ሲቀመጥ ይተወዋል" አልኩት። እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "ዕድሜው ስንት ነው አባባ?" 35። "ያጨሳል?" ዝም አልኩ። እውነቴን ነው የምልህ፣ በዚህ ዕድሜዬ ስለ አንተ ልዋሽለት ነበር። "ጫትስ?" አለ። ጅማ ተቀምጦ ለጅማ ሰው "ጫትስ?" ይለኛል! በመጨረሻ ሁሉንም ነገርኩት፤ አታፍርብኝ።

እሱ እንዳስረዳኝ፣ ልብ ለራሱ ደም የሚያመጡለት የራሱ ሥሮች አሉት። እነሱ ሲጠብቡ፣ ቁጭ ባልክ ጊዜ የሚደርሰው ደም ይበቃዋል፤ ሥራ ሲበዛበት ግን ያጥረዋል፣ ያኔ ይጮኻል። ጩኸቱ ሁልጊዜ ውጋት አይደለም። ድንጋይ የተጫነ ያህል ይከብዳል፣ ወደ ግራ ክንድ፣ ወደ መንጋጋ፣ ወደ ጀርባ ይሄዳል፤ አንዳንዱን ያቅለሸልሸዋል፣ ሆዱ ላይ ነው ያስብለዋል። "ጨጓራ ገመድ ሲጎትቱ ጠብቆ አይነሣም፣ ቁጭ ሲሉም አይተውም" አለኝ። "ጨጓራም ሊሆን ይችላል አባባ፤ ግን ያን የምንለው መጀመሪያ ልቡን ካየን በኋላ ነው። በቅርቡ የጀመረው ከሆነ ደግሞ ቀጠሮ የሚጠብቅ ነገር አይደለም።"

ስለዚህ ለሚስትህ ደውዬ ነግሬያታለሁ። ሐኪም ሳያይህ የመኪናውን ቁልፍ አትሰጥህም። ለባለንብረቱም ደውያለሁ፤ ጨውን አዳማ ላይ ተረክቦ የሚያደርስ ተለዋጭ ሹፌር ይልካል። ቢያጆዬን፣ የጭነት ጉዞዬን አቋረጥክብኝ ብለህ እንደምትቆጣ አውቃለሁ። ተቆጣ።

ይህን ሁሉ በስልክ ልልህ እችል ነበር። በስልክ የማይነገር ግን አንድ ነገር አለኝ፤ ሠላሳ ዓመት ሆኖታል።

ከአሰብ የመጣችውን ቀይ ኩባያ ታስታውሳታለህ? ጆሮዋ የተሰበረችው። የክርስትና አባትህ ነበር ያመጣልህ። አንተ አምስት ዓመትህ ነበር፤ እሱን የምታስታውሰው በዚያች ኩባያና በትልቅ ሳቁ እንደሆነ እናትህ ትለኛለች። "በድንገት ሞተ" ብለን ነው ያሳደግንህ። ለባለቤቱም ያልኳት እሱኑ ነው።

ሚያዝያ 1988 ነው። ያኔ ወደባችን አሰብ ነበር፤ ጦርነቱ መጥቶ ሁሉም ወደ ጂቡቲ የዞረው ከዚያ ሁለት ዓመት በኋላ ነው። እሱ ሹፌር፣ እኔ ረዳት፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ጎማ አውርጃለሁ፣ ጋቢና ጠርጌያለሁ። መንጃ ፈቃድ አለኝ፣ ግን ኤንትሬዋን፣ ያቺን ከባድ የጭነት መኪና፣ የሚሰጠኝ ባዶዋን ስንመለስ ብቻ ነው። ቡና ጭና አንድም ቀን ነክቻት አላውቅም።

መተሐራ አደርን። ጠዋት ሲነሣ ግራ እጁን ያራግፋል። "ደነዘዘኝ" አለ። የእኛይቱ ኤንትሬ መሪዋ በቀኝ ነበር፤ ማርሹ የሚለወጠው በግራ እጅ ነው። ስለዚህ እሱም እኔም "ማርሹ ነው" አልን። ደረቱን ሲያሸው ደግሞ "ጨጓራዬ ተነሥታለች" አለ። መንገድ ዳር ከሚሸጡት ሴቶች የግመል ወተት በጠርሙስ ገዛሁለት። ግማሹን ጠጣና "አሁን ሻል አለኝ" አለ። ፀሐይዋ ገና አልወጣችም፣ አየሩ ቀዝቃዛ ነው፤ እሱ ግን በዚያች ቢጫ ፎጣው ግንባሩን ይጠርጋል፣ ይጠርጋል፣ አይደርቅም። ከዚያ "ና፣ መሪውን ያዝ" አለኝ።

ልጄ፣ ደስ አለኝ። ይኸው ነው የደበቅሁት። 27 ዓመቴ ነው፤ ከነጭነቷ፣ ከነተሳቢዋ ኤንትሬ በእጄ ገባች። መቀመጫውን አስጠጋሁ፣ ስፖኪዮውን ለራሴ ቁመት አስተካከልኩ። የታመመ ሰው አጠገቤ እንዳለ ረስቼ ስፖኪዮ አስተካከልኩ!

አዋሽ ሰባት ስንገባ መንገድ ዳር ጤና ጣቢያ ነበር። በረንዳው ላይ ነጭ ጋውን የለበሰች ሴት ጎንበስ ብላ እጇን ስትታጠብ አየኋት። "ልቁም እንዴ?" አልኩት። አጠያየቄን አሁንም እሰማዋለሁ፤ አትቁም እንዲለኝ ነው የጠየቅሁት። "ጨጓራ ናት፣ ንዳ" አለኝ። ማርሽ ጨመርኩ። ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችን።

ከዚያ ወዲያ ስለ ማርሹ፣ ስለ ፍሬኑ፣ እንዴት እንደያዝኳት እያወራሁለት ነበር። "አየኸኝ ጋሼ?" እለዋለሁ። ራሱን መስኮቱ ላይ አስደግፏል፤ የተኛ መሰለኝ። ገዋኔ ሳንደርስ አንድ ጉድጓድ አነጠረንና ፎጣው ከእጁ ወደቀ። እጁ አልተከተለውም። ስንት ደቂቃ ለሞተ ሰው እንዳወራሁ እስከ ዛሬ አላውቅም።

47 ዓመቱ ነበር። ጤና ጣቢያው ሊያድነው ይችል ነበር ወይ? ሐኪሙን ማክሰኞ ይህንንም ጠየቅሁት። "በዚያ ጊዜ፣ በዚያ ቦታ፣ እንጃ" አለኝ። እንጃ ማለት ግን የለም ማለት አይደለም።

አሁን ወደ አንተ ልመለስ፤ እጄ እየተንቀጠቀጠ ስለሆነ ጽሑፌ ከተበላሸ እህትህ ታነብልሃለች።

ጫቱን ተው። "እንቅልፍ ያባርርልኛል" እንደምትለኝ አውቃለሁ፤ እኔም ለአባቴ ይህንኑ ብያለሁ። ጫት ድካምህን አያወርደውም፣ ይሸፍንብሃል እንጂ። ሥርህን ያጠበዋል፣ ልብህን ያስሮጠዋል፣ ግፊትህን ይሰቅለዋል፤ ምግብ ይዘጋብህና ምርቃናው ሲወርድ እኩለ ሌሊት ላይ ጮማ ጥብስ በቢራ ትላለህ። ከሲጋራ ጋር ሲሆን ደግሞ ሁለት ሰው አንድ ልብ ሲደበድብ አስበው። ኢነርጂ የምትሉትን ቆርቆሮ ከላዩ ስትደፋበት ሦስተኛ ሰው ጨመርክ። እንቅልፍ ሲመጣ መድኃኒቱ መተኛት ነው፤ ቁም፣ ተኛ። ረዳትህ ስታንኮራፋ ትንፋሽህ ቁርጥ እያለ ያስደነግጠኛል ብሏል (አላለም፣ አልነገረኝም)፤ እሱንም ለሐኪሙ ንገር፣ ግፊት ያመጣል አሉኝ።

የጨው ነገር ያስቀኛል። ከአፍዴራ በተሳቢ ታመጣዋለህ፣ ሥጋው ላይ ደግሞ በእፍኝ ትበትነዋለህ። በቀን ለአንድ ሰው የሚፈቀደው 5 ግራም ነው፤ አንዲት የሻይ ማንኪያ፣ እሷም ወጡ ውስጥ ያለውን ጨምራ። ሚጥሚጣውና የምግብ ቤቱ ወጥ ብቻውን ያልፈዋል። ለዚህ ነው በሶና ቆሎ የላክንልህ። በሶውን ያለ ጨው በጥብጥ፤ ማር ጠብ ካደረግህበት ትንሽ። አቡካዶዎቹ ገና ጥሬ ናቸው፣ ጋቢና ውስጥ አትተዋቸው፣ ይቃጠላሉ። ሽንት እንዳያስቆምህ ብለህ ውሃ መከልከሉንም ተው። አፋር ላይ እንዲህ ያደረገ ሰው ደሙ ይወፍርበታል።

በየሁለት ሰዓቱ ውረድ። 22 ጎማ አለህ፤ አንድ በአንድ እየመታህ ሁለት ጊዜ ዙራት። ለጎማውም ለአንተም ይጠቅማል።

የግፊት መለኪያ ልኬልሃለሁ። አለካኩን ስማኝ፦ ከቡና፣ ከሲጋራ በፊት፤ ካለፈም ግማሽ ሰዓት ይለፍ። አምስት ደቂቃ ጀርባህን ደገፍ አድርገህ፣ እግርህን ሳታጠላልፍ ተቀመጥ። ክንድህን ከልብህ ትይዩ ጠረጴዛ ላይ አድርግ። አታውራ፣ አንተ ማውራት ትወዳለህ። ሁለት ጊዜ ለካና ሁለቱንም ጻፍ። ላይኛው 140 ወይም ታችኛው 90 ደጋግሞ ከደረሰ ግፊት ነው። እኔ በ51 ዓመቴ ስለካ 170 በ100 ነበርኩ፤ ምንም አያመኝም ነበር፣ ምንም! አሁን በየማታው አንዲት አምሎዲፒን ውጬ 130 ቤት ነኝ። ግፊት በዘር ይሄዳል፤ ይህንንም ያወረስኩህ እኔ ነኝ።

ከዚህ በኋላ ደረትህን ከያዘህ፣ የትም ሁን፣ አቁም። ፍሬቻ አብራ፣ ሞተር አጥፋ፣ ለረዳትህ ንገረው። አንተ አትንዳ። "እስከሚቀጥለው ከተማ ልድረስ" አትበል። ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ ካልመጣ የመጀመሪያውን መኪና አስቁሞ ይውሰድህ። ሆስፒታል ስትደርስ ደረትህ ላይ ሽቦ ለጥፈው ኢሲጂ የሚሉትን የልብ ምርመራ ያንሡህ፤ "ጨጓራ ነው መሰለኝ" ብለህ አንተው አትመርምርላቸው። በኪስህ አስፕሪን ልያዝ ወይ ብለህም ጠይቅ፤ ሲይዝ የሚታኘክ ነው፣ ግን ለሁሉም ሰው አይሆንም።

ጨጓራ ነው አትበለኝ፣ ልጄ። የሰማኋት ጊዜ ግራ እጄ ይደነዝዘኛል።

እናትህ ምንም አልሰማችም። በሶውን ስታዘጋጅ "ልጁ ከስቷል መሰለኝ" እያለች ቂቤ ልትጨምርበት ነበር፤ ከእጇ ነው የነጠቅኋት። ጭቅጭቁን ተወው። ሐኪሙ ከፈቀደልህ ልጅህን ይዘህ በአውቶቡስ ና። በአውቶቡስ አልኩ። ግቤ በረሃን ስታልፉ መስኮቱ ጋ አስቀምጣት፣ ዝንጀሮዎቹን ትወዳለች። ኩባያዋ ቁም ሣጥን ላይ አለች፤ ለእሷ አጥቤ አስቀምጣለሁ።

ይህን የያዘው የጎረቤታችን ልጅ ዛሬ ሌሊት ቡና ይዞ ይነሣል፤ አዲስ አበባ አራግፎ አዳማ ይገባል። ምሳ አብላው፣ ጥብስ አይደለም።

አባትህ

ማስታወሻ፦ መለኪያው ውስጥ አራት ባትሪ አለ፤ ለሬዲዮህ እንዳታወልቃቸው። የበሶውን ቆርቆሮ ደግሞ መልስ፣ እናትህ ቆጥራ ነው የሰጠችው።