መድፉ፣ ዲሹ እና ቫልቩ፦ የሳይንስና ንባብ ክበብ ዓመት

ክበባችን ዘንድሮ የያዘው ጥያቄ የድሮ የሳይንስ ልብ ወለድ ጸሐፊዎች ስለ መጪው ዘመን ከጻፉት የቱ ሰመረ፣ የቱ ከሸፈ የሚል ነበር። መጻሕፍቱ በቤተ መጻሕፍታችን ስለሌሉ የተመረጡ ምዕራፎችን ፎቶ ኮፒ አድርገን ዓርብ ዓርብ በፊዚክስ ቤተ ሙከራ አነበብን።

የመጀመሪያውን መንፈቅ ዓመት የጨረሰብን ዡል ቬርን ነው። እ.ኤ.አ. በ1865 ባሳተመው «ከመሬት ወደ ጨረቃ» ሦስት ሰዎች ከፍሎሪዳ በትልቅ መድፍ ይተኮሳሉ፤ በተከታዩ መጽሐፍ ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ይወድቃሉ። አፖሎ 11ም በ1969 ሦስት ሰዎች ይዞ ከፍሎሪዳ ተነሣ፤ ሲመለስ ያረፈው ፓስፊክ ላይ ነው። ብዙዎቹ «ነቢይ ነው!» ሲሉ አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ «መድፉስ?» ብላ ጠመኔ አነሣች። የመድፉ ርዝመት 274 ሜትር ገደማ፣ ጥይቱ ሲወጣ ፍጥነቱ በሴኮንድ 11 ኪሎ ሜትር ገደማ። የፍጥነቱን ስኩዌር ለርዝመቱ እጥፍ ስታካፍለው አክስለሬሽኑ (ፍጥነቱ የሚጨምርበት መጠን) ከመሬት ስበት ከ22 ሺህ እጥፍ በላይ ሆነ። ቬርን ግፊቱን ያበርዳል ብሎ ከተሳፋሪዎቹ ሥር ውሃ አስቀምጧል። «ታዲያ ምን ዋጋ አለው፣ ሾርባ ይሆናሉ» አለ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ። ሮኬት ያንኑ ፍጥነት በደቂቃዎች ውስጥ ቀስ በቀስ ስለሚሰጥ ነው ሰው በሕይወት የሚደርሰው።

ከዚያ አርተር ሲ. ክላርክ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1945 ያወጣው ጽሑፍ ልብ ወለድ ባይሆንም ሰውየው የልብ ወለድ ሰው ስለሆነ አስገባነው። ከምድር ወገብ በላይ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምትዞር የሬዲዮ ማስተላለፊያ ጣቢያ ከምድር እኩል ስለምትዞር ከታች ላያት የቆመች ትመስላለች፤ ሦስት ጣቢያ ለዓለም ይበቃል አለ። ልጆቹን አስወጥቼ በሻይ ክበቡ ጣሪያ ላይ ያለውን ዲሽ አሳየኋቸው። አንዴ ከተስተካከለ ንፋስ ካላንቀሳቀሰው በቀር የማንነካው በዚሁ ምክንያት ነው። ሲንኮም 3 የምትባለው ሳተላይት በ1964 የቶኪዮን ኦሊምፒክ፣ አበበ ቢቂላ ሁለተኛውን የማራቶን ወርቅ ያጠለቀበትን፣ ወደ አሜሪካ አስተላልፋለች። ሐሳቡ ከተጻፈ 19 ዓመት ብቻ ነው!

ክላርክ ግን ጣቢያዋ ውስጥ ሰው ይኖራል ብሎ ነበር ያሰበው። የዘመኑ መሣሪያ አምፖል በሚመስል የመስታወት ቱቦ፣ በቫልቭ፣ ይሠራል፣ ቫልቭ ይቃጠላል፣ ቀያሪ ያስፈልጋል። ቫልቭን የተካው ትንሹ ትራንዚስተር የመጣው በ1947 ነው። በእኔ ግምት የእነዚህ ሰዎች ዋናው ስሕተት እዚህ ላይ ነው፤ ማሽን ሲገዝፍ ታያቸው እንጂ ሲያንስ አልታያቸውም። ሮበርት ሃይንላይን በ1953 በጻፈው «ስታርማን ጆንስ» የከዋክብት መርከብ የሚነዱ ሰዎች ቁጥር የሚፈልጉት ከታተመ ሠንጠረዥ ላይ ነው። የ9ኛ ክፍሎቹ በዚህ ብዙ ሳቁ፤ እኔ ግን ሎጋሪዝም በሠንጠረዥ የተማርኩ ሰው ነኝ።

በወላጆች ቀን ስሌቱን በፖስተር አቀረብን። አንዲት እናት «ልጅ ሁሉ ስልክ ላይ እንደሚያቀረቅርስ ማን ጻፈ?» ብለው ጠይቀው አባላቱ እርስ በርስ ተያዩ።

በመጪው ዓመት በኤች. ጂ. ዌልስ እንጀምራለን። እ.ኤ.አ. በ1914 ስለ አቶሚክ ቦምብ የጻፈ ሰው ስለሆነ የኬሚስትሪ መምህራችን እንዲገኙልን ጠይቀናቸው እሺ ብለዋል።