ወርቅ የለም፣ ያለው ከሰል ነው

ይድረስ ለውዷ እናቴ፣ ሐይቅ፣ ወሎ

አሰላሙ አለይኩም እማዬ። ለጤናሽ እንደምን ነሽ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። እዚህ ካናዳ፣ ብሮክቪል ከተማ ብርዱ ጀምሯል።

ጥቁር ላስቲክ ለብሼ የተነሳሁትን ፎቶ አይተሽ እንቅልፍ አጥተሻል አሉኝ። አብሽሪ! ስኩባ ዳይቪንግ ይባላል። የአየር ሲሊንደር በጀርባችን አዝለን ወንዝ ውስጥ እንጠልቃለን፤ የሰመጡ መርከቦችን እናያለን።

ወንዙ ሴንት ሎውረንስ ነው። እንደኛ ሐይቅ የረጋ እንዳይመስልሽ፤ ይጋልባል። ስለዚህ ሰንሰለት ጨብጠን ነው የምንወርደው። ታች መርከቧ ራሷ ትከልለናለች፣ ውኃውም ጋብ ይላል። እጄ ቢያመልጠኝ አልታገልም፤ የታገለ ሰው አየሩን ቶሎ ይጨርሳል። ውኃው ወደወሰደኝ እየሄድኩ ቀስ ብዬ እወጣለሁ፣ ጀልባው ተከትሎ ያነሳኛል። ደግሞ ብቻዬን ገብቼ አላውቅም። የዓሣ አጥማጆች ክር እግር ከያዘም መቁረጫ ቢላ አለን። (ይቺን ለአያቴ አታንብቡላት።)

ከሁሉም የምወዳት ሊሊ ፓርሰንስ የምትባል ባለ ሸራ መርከብ ናት። በፈረንጅ 1877፣ በእኛ 1869 ከሰል ጭና ስትሄድ ድንገተኛ ነፋስ መታትና ተገለበጠች። ዛሬም ሆዷ ወደ ላይ ነው። አስቢው፣ የቦሩ ሜዳ ጉባኤ እንኳ ገና አልተደረገም ነበር! እንጨቷ ግን አለ። ጨዋማ ባሕር ውስጥ እንጨት የሚበላ ትል አለ፤ እዚህ ውኃው ጨው የለውም፣ በዚያ ላይ ቀዝቃዛ ነው፣ ትሉ አይኖርበትም። ብቻ በፈረንጅ 1980ዎቹ መጨረሻ ላይ ከአውሮፓ በመርከብ የመጣ ትንንሽ ዛጎል ሁሉንም ነገር ሸፍኖታል። ውኃውን እያጣራ ስለሚመገብ አጥርቶልናል፤ በዚህስ አልከሰውም።

ያ ወንድሜ "ወርቅ አገኘህ ወይ?" እያለ ድምፅ ይልክልኛል። ንገሪው፣ ከሰል ነው ያለው። ቢኖርስ? እዚህ ባለንበት በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር ሕግ ያለ ፈቃድ ከዚያ ቅርስ ማንሳት ክልክል ነው፤ የተሰበረ ሳህንም ቢሆን። የሐይቅ እስጢፋኖስን ብራና እንግዳ በጉያው ሸጉጦ ሲወጣ ብናይ አገር አይበቃንም። እነሱም ለሳህናቸው እንደዚያ ናቸው። እኔ አይቼ፣ ፎቶ አንስቼ እወጣለሁ።

በረዶው ሲመጣ ጀልባዎቹ ይቆማሉ፤ እስከ ጸደይ ሥራዬ ላይ ብቻ ነኝ። ለጣሪያው ቆርቆሮ የሚሆን ብር ልኬያለሁ፣ ዝናቡ ሳይመጣ አስመቺው። የሚመጣ ሰው ካገኘሽ በርበሬ ላኪልኝ፤ የዚህ አገሩ አያቃጥልም።

ልጅሽ