የተዘጋው የወንጀሉ መዝገብ ነው

ለአዘጋጁ፦

በፖሊስ በደል ላይ ስለሚቀርቡ አቤቱታዎች ያወጣችሁትን ዘገባ አባይ ማዶ ባጃጄ ውስጥ ተሳፋሪ እየጠበቅሁ አነበብኩት። ዐቃቤ ሕግ መዝገቡን ስለዘጋው ጉዳዩ እልባት አገኘ ትላላችሁ። የማን ጉዳይ? የፖሊሱ ከሆነ እንኳን ደስ ያለው።

የተበደለው ሰው ካሳ የሚጠይቅበት የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ቁጥር 2149 እንደሚለው፣ መዝገብ መዘጋቱ ቀርቶ ፖሊሱ በወንጀል ነፃ ቢባል እንኳ የካሳ ክሱን የሚያየው ፍርድ ቤት በዚያ አይታሰርም። ቁጥር 2126 ደግሞ የመንግሥት ሠራተኛ በጥፋቱ ያደረሰውን ጉዳት ይካስ ይላል። ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ከሆነ መንግሥትንም ጨምሮ መጠየቅ ይቻላል። የግል ጥፋት ከሆነ ግን መንግሥት የለበትም፤ ዕዳው የራሱ የፖሊሱ ነው። ይህን ለማወቅ አንድ ጠበቃ ጋ መደወል ይበቃ ነበር።

የሚያናድደኝ ጊዜው ነው። በቁጥር 2143 መሠረት ለካሳ ክሱ ያለው ጊዜ 2 ዓመት ነው (ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀል ሕጉ ረዘም ያለ ጊዜ ካልሰጠው)። እናንተን አምኖ "በቃ፣ አለቀ" ብሎ ቤቱ የተቀመጠ ሰው ጊዜው ሲያልፍበት ማንን ይጠይቅ?

ደግሞ ቅሬታ የሚያቀርብ ሰው ጥቂት ነው ብላችሁ ጽፋችኋል። ምነው አንድ ባጃጅ ሹፌር እንኳ ሳትጠይቁ! እኔ በጥፊ ተመትቼ ጆሮዬ ሲጮህ ሕክምና ሄድኩ። ማስረጃ ስጠይቅ "ከፖሊስ ደብዳቤ አምጣ" ተባልኩ። ፖሊስ መታኝ ለማለት የፖሊስ ደብዳቤ! ጣቢያ ስሄድ ቅሬታ ተቀባዩ የመታኝ ሰውዬ የሥራ ባልደረባ ነው። ሻዩን እየጠጣ "ወንድሜ፣ ሥራህን ብትሠራ ይሻልሃል" አለኝ። ከበሩ ጎን የአስተያየት ሳጥን አለ። ቁልፉ ዝጓል፤ ቀዳዳው በማስቲካ ወረቀትና በሎተሪ ቁራጭ ተወትፏል። እውነት ነው፣ እዚያ ውስጥ ቅሬታ አይገኝም።

ሁሉም ፖሊስ አንድ ነው አልልም። ሌሊት ባጃጄ ሲሰረቅ ፈልጎ ያገኘልኝም ፖሊስ ነው። እናንተ ግን የጣቢያ ኃላፊ አነጋገራችሁ፣ ሌላ ኃላፊ አነጋገራችሁ፣ ከዚያ "ሚዛናዊ ዘገባ" አላችሁት።

ማስተካከያ ስታወጡ ሦስቱን ቁጥሮች አትርሱ፦ 2126፣ 2143፣ 2149። ዘገባው ፊት ገጽ ላይ ነበር፤ ማስተካከያውን ከጠፉ ሰነዶች ማስታወቂያ ሥር እንዳትሸጉጡት።

አንድ የባጃጅ ሹፌር፣ ከባሕር ዳር