ያ የጠዋት ጉም

እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ይሄን የእህቴ ልጅ ታንብብልሽ። በስልክ ሳወራሽ «እሺ ልጄ» ትይና የልብሽን ነው የምታደርጊው፤ ስለዚህ በወረቀት ይሁን። አንቺ አንባቢዋም አደራሽን፣ ስለ ቀዶ ጥገናው ያለውን እንዳትዘይው።

መጀመሪያ ይቅርታ። አምና ለቡና ለቀማ ዘጌ ስመጣ «ጠዋት ሐይቁ ላይ የሚተኛው ጉም ዓይኔም ውስጥ ይተኛል፣ ሲረፍድ ይነሳል» ስትይኝ ሳቅሁ። ጨዋታ መስሎኝ። ቅርጫትሽን ግን አይቼው ነበር። ጠዋት የለቀምሽው አረንጓዴው ከቀዩ የተደባለቀ፣ ከምሳ በኋላ የለቀምሽው ጥርት ያለ ቀይ። አየሁና ዝም አልኩ። እርጅና ነው፣ ጭስ ነው ብዬ መነጽር ገዛሁልሽ፤ ከዚያ ሌላ መነጽር ገዛሁልሽ። ሁለቱም መሶቡ ላይ እንደተቀመጡ አውቃለሁ።

ባሕር ዳር መጀመሪያ የወሰድኩሽን ክሊኒክ ስሙን አልጠራም። ሦስት ደቂቃ በባትሪ አይተውሽ «ሞራ ነው፣ ይገፈፋል» ብለው ቀጠሮ ሰጡን። ሞራም አለብሽ፣ አልዋሹም። ግን ማንም ምንም አልጠየቀሽም። የጠየቀችሽ ሁለተኛዋ ሐኪም ናት፣ ያቺ ልጅ እግሯ። «እማማ፣ የሚብስብዎት ጠዋት ነው ማታ?» ስትልሽ የጉሙን ነገር ነገርሻት። እሷ አልሳቀችም። እንደገና መሣሪያው ላይ አገጭሽን አስደግፋ ብዙ ቆየች፤ ከዚያ ለእኔ በወረቀት ጀርባ ላይ እየሳለች አስረዳችኝ።

እንደገባኝ ልንገርሽ። ዓይንሽ ፊት ላይ እንደ መስኮት መስታወት ጥርት ያለ ነገር አለ፣ ብሌን ወይም ኮርኒያ ይሉታል። ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከጀርባው በአንድ ረድፍ የተደረደሩ ሕዋሳት አሉ፣ ሥራቸው ከመስታወቱ ውስጥ ውሃ እየቀዱ ማውጣት ነው። ያንቺዎቹ እያለቁ ነው፣ የሞተውን የሚተካ አዲስ ደግሞ አይመጣም። ስትተኚ ዓይንሽ ተከድኖ ስለሚያድር እርጥበቱ መውጫ ያጣና መስታወቱ ያብጣል፤ ስትነሺ ያ ጉም። ዓይንሽ ተገልጦ ሲውል እየተነነ ይጠራል። በሽታው ፉክስ ይባላል፣ በፈረንጆቹ 1910 ስለዚሁ በጻፈው የቪየና ሐኪም ስም። ሴቶች ላይ ይበዛል። እና ጭሱ አይደለም እማዬ። ይሄን ሁሉ ዘመን እንጀራ ስለጋገርሽ የመጣ አይደለም።

የሞራውን ቀጠሮ ያሰረዝኩት ለዚህ ነው። ጎረቤትሽ ተገፎላት በሳምንቷ መርፌ ውስጥ ክር አስገባች እያልሽ ታኮርፊኛለሽ። የእሷ መስታወት ጤነኛ ነዋ! የሞራ ቀዶ ጥገና ከእነዚያ ውሃ ቀጂዎች የተወሰኑትን ይገድላል። ለእሷ ይተርፋታል፣ ላንቺ ግን የቀሩሽን ሊጨርስብሽ ይችላል። መጀመሪያ የሚቆጥራቸው መሣሪያ አለ። ተቆጥረው ነው ሞራው ብቻ ይውጣ ወይስ ብሌኑም አብሮ ይሠራ የሚባለው።

ሐኪሟ የኮርኒያ ስፔሻሊስት እንድንፈልግ ሪፈር ጻፈችልን። እኔ ደግሞ የዓይን ሐኪም ሁሉ አንድ ይመስለኝ ነበር። ሁለት ሳምንት ስደውል ከረምኩ። «ኮርኒያ የሚያይ ሐኪም አላችሁ?» ስል አንዱ «ዓይን እናያለን» ይለኛል፣ አንዷ «መነጽር ነው?» ትለኛለች። በመጨረሻ አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬን ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ላክሁትና እሱ ቀጠሮ ይዞልን መጣ። የብሌን ንቅለ ተከላ የሚሠራበት ቦታ ነው። በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ቢሆን ነው፣ ከዘጌ በጀልባ ከምትመጪው አይረዝምም።

«የሞተ ሰው ዓይን አላስገባም» ያልሽውን ሰምቻለሁ። ዓይን አይደለም የሚገባው፣ ያቺ ስስ መስታወት ብቻ ናት። አንዳንዴ ሙሉዋም አትቀየርም፣ የውስጧ ሽፋን ብቻ ይተካል። የሚሰጡት ደግሞ በሕይወት እያሉ ለዓይን ባንክ ቃል የገቡ ሰዎች ናቸው፤ ፕሬዚዳንት የነበሩት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስም ቃል ገብተው ነበር። የንስሐ አባትሽን ጠይቂ፣ እኔን አትመኚ። ለነገሩ ገና ቀዶ ጥገና አያስፈልግሽ ይሆናል፣ እሱን እዚያ ያለው ሐኪም ይበል።

እስከዚያ ጨው ያለበትን ጠብታ እንደታዘዘልሽ አድርጊ። ያቃጥላል፣ አውቃለሁ። የላክሁት የፀጉር ማድረቂያ ለልጅቷ አይደለም! ሐኪሟ የነገረችን ነው፦ ጠዋት አንድ ክንድ አርቀሽ፣ በቀዝቃዛው ነፋስ፣ ወደ ዓይንሽ ጥቂት ደቂቃ። እርጥበቱን ቶሎ ያተነዋል። ጎረቤት ቢስቅ ይሳቅ። ጸበሉንም አትተዪ፣ ጠጪው፣ ፊትሽን ታጠቢበት፤ ግን እንደ አሸዋ የሚቆረቁርሽ ቀን ዓይንሽ ውስጥ አትርጪ፣ ደውዪልኝ። ውሃው ፊኛ ሠርቶ ሲፈነዳ ቁስል ይሆናል ብላኛለች።

አንድ ነገር ደግሞ። እማሆይ አያቴ ጠዋት ጠዋት ግድግዳ ይዛ ትወጣ የነበረው ትዝ ይልሻል? ከሰዓት ግን ሰውን ከደጅ ትለይ ነበር። በቤተሰብ የሚወርድ ነው አሉኝ። እኔም እዚያው ልታይ ነው፣ እህቴም ትምጣ።

ማክሰኞ በመጀመሪያው ጀልባ እመጣለሁ። ነጠላሽንና ጋቢውን አዘጋጂ፣ አዲስ አበባ ብርድ ነው። ሁለቱንም መነጽሮች ያዢ፣ ያሳዩን ብለዋል። ቡና ልያዝ እንዳትዪ፣ ግማሽ ኪሎ ይበቃል። የሪፈር ወረቀቷን ቡናው ጆንያ ላይ ትተሻት ከሆነ ዛሬውኑ አንሺያት፤ ያለፈውን የመሬት ደረሰኝ አይጥ የበላው እዚያው ነው።

ልጅሽ