ጣሪያው ወደቀ፣ ሥራው ግን አልቆመም፦ የድጋፍ ጥሪ

ወገኖቻችን፣ እንደምን ሰነበታችሁ? እኛ የአራሶች ክፍሉ ድጋፍ ኮሚቴ አሁንም ደጃችሁን ልናንኳኳ ነው። መድከማችንን አንደብቅም። የአራሶች ክፍሉ ጣሪያ በዝናብ ከወደቀ ወዲህ የሰበሰብነው ገንዘብ ግማሽ መንገድ እንኳ አላደረሰንም። የሕፃናት ሚዛኑም ፍርስራሽ ተጭኖት ከጥቅም ውጭ ሆኗል።

«ጣሪያው ከመውደቁ በፊት ያዋጣነው የት ገባ?» የምትሉ አላችሁ። መጠየቃችሁ ደግ ነው። ሚዛኑ የተገዛው፣ አዋላጆቹም የሠለጠኑት በዚያ ገንዘብ ነው። ደረሰኙ አለ፤ መጥታችሁ እዩት። ሚዛኑ ቢሰበርም ሥልጠናው አልባከነም። ዛሬ አዋላጆቹ ሕፃናቱን በሜትር (በመለኪያ ጥብጣብ) እየለኩ ነው።

ከ2,500 ግራም በታች ሆኖ የሚወለድ ሕፃን ቶሎ ይበርደዋል፣ ለመጥባት አቅም ያጥረዋል፣ ኢንፌክሽንም ይበረታበታል። ቤት ውስጥ ሲወለድ ግን «ትንሽ ነው፣ ያድጋል» ተብሎ ይታለፋል። የሚያንገበግበን ይሄ ነው።

ሕፃኑ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ አዋላጇ ልብሱን ገለጥ አድርጋ ሜትሩን በጡቶቹ ጫፍ መስመር ታዞራለች። ሳታጠብቅ፣ ሳታላላ፣ ትንፋሹን ሲያወጣ ታነባለች። የደረቱ ዙሪያ 30 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ካልደረሰ ክብደቱ አነስተኛ እንደሆነ ትጠረጥራለች። የላይኛውን ክንድ ዙሪያና ከተረከዝ እስከ አውራ ጣት ጫፍ ያለውን ርዝመትም ታያለች። የጭንቅላት ልኬት ብቻውን አያስተማምንም፤ በምጥ ጊዜ ቅርጹ ይለወጣል። የመጠርጠሪያው ልክ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ሥልጠና ግድ ነው። ሜትር ሚዛንን አይተካም፤ ማን ቶሎ መታየት እንዳለበት ግን ይጠቁማል።

ከተጠቆመ በኋላስ ሕፃኑ የት ይግባ? እናቱ ራቁት ደረቷ ላይ አቅፋ የምታሞቅበት፣ የምታጠባበት ክፍል ያስፈልጋል። «የካንጋሮ እንክብካቤ» የሚባለው ይህ ዘዴ በ1978 እ.ኤ.አ. በኮሎምቢያዋ ቦጎታ የተጀመረው ማሞቂያ ሣጥን በማጠሩ ነው። ውድ ዕቃ አይፈልግም። ጣሪያ ግን ይፈልጋል፤ የእኛው ክፍል ደግሞ ሰማይ ይታየዋል።

ስለዚህ ገንዘቡ መጀመሪያ ለጣሪያው፣ ቀጥሎ ለሚዛን፣ የቀረው ለማይለጠጡ ሜትሮችና ለእግር መለኪያ ማስመሪያዎች ይውላል። ምጽዋት በሉት፣ ሰደቃ በሉት፣ የዜግነት ግዴታ በሉት፤ ሕፃኑ የሁላችንም ነው።

ክፍያ በኮሚቴው ስም በተከፈተው የባንክ ሒሳብ ብቻ ነው። ቁጥሩ ያው የድሮው፣ በደረሰኞቻችን ላይ የታተመው ነው። አልተቀየረም። በግለሰብ ስም ቁጥር ከተላከላችሁ የእኛ አይደለም፤ እባካችሁ አትላኩ። ስታስገቡ ምክንያቱ ላይ «ጣሪያ» ብላችሁ ጻፉ፣ የባንኩን ወረቀት ለገንዘብ ያዡ አሳዩ፣ ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትሂዱ። ደግመን እንላለን፦ በኮሚቴው ስም፣ በድሮው ቁጥር።