ለቅዳሜው የወይን ቅምሻ

ሰላም ውድ አባላት፣

ቅዳሜ የምንከፍታቸው ሦስቱም የጣልያን ቀይ ወይኖች የቆዩ ናቸው። ባሮሎ የሚጠመቀው ኔቢዮሎ ከተባለው የፒዬሞንቴ (የሰሜን ጣልያን ክልል) የወይን ዝርያ ብቻ ነው፤ በሕጉ ቢያንስ 38 ወር፣ ከዚያ ውስጥ 18ቱን በእንጨት በርሜል ሳይቆይ ለገበያ አይቀርብም። ዕድሜ ሲጠግብ ቀለሙ ሳስቶ ወደ ጡብ መልክ ይሄዳል፤ ተበላሽቷል ብላችሁ እንዳትደፉት! በለጋነቱ አፍ የሚያደርቀው ታኒን (ከወይኑ ልጣጭና ዘር የሚመጣው ንጥረ ነገር) ይለዝባል፣ የደረቀ ጽጌረዳና የሬንጅ ሽታ ይወጣዋል። (ሬንጅ ስል አትሳቁ፣ ታገኙታላችሁ።)

ሁለተኛው ብሩኔሎ ዲ ሞንታልቺኖ ሳንጆቬዜ ከተባለው የወይን ዝርያ በቶስካና ክልል የሚጠመቅ ነው። የካምፓኒያ ክልሉ ታውራዚ ደግሞ በአብዛኛው አልያኒኮ ከተባለው የወይን ዝርያ ይሠራል፤ በእኔ አፍ ከባሮሎ አያንስም፣ ዋጋው ግን ይቀላል።

ጠርሙስ የምታመጡ ከዋዜማው ጀምራችሁ አቁሙት፣ አተላው ይዘቅጥ። ሽቶ ተቀብታችሁ አትምጡ፣ አደራ።